ግማሽ

ጌጁ ግማሽ ላይ ነው፤ ሁሌም ግማሽ ላይ ነው፤
እስካፉ ብሞላው፣ ጠብታ ባይኖረው፣ «ግማሽ ነኝ» ባይ ነው።
ከጎኑ ያለችው ቢጫዋ መብራት ግን
«አለቀ! አለቀ!» ናት፣ ሌሊትም ሆነ ቀን።
ሲከራከሩብኝ ከመሪው ባሻገር
እሷን በፕላስተር ሸፈንኳት፤
እሱን ተውኩት፤ ቢያንስ አይጮህም።

ኪሎሜትሩም ቆሟል፣ ከቆመም ቆየ።
የማምነው እርሳስ ነው።
ከፀሐይ መከላከያው ሥር በሰካሁት ካርቶን
በየምልልሱ ጭረት አሰፍራለሁ፤
ገላን አንድ ጭረት፣ ዱከም ሁለት ጭረት፣
ቢሾፍቱ ደርሶ መልስ አራት፣ ጭነት ካለ አምስት፤
ሃያ ሲሞላልኝ ማደያ እሰለፋለሁ።
«ከሁለት ዋሾ አንድ እርሳስ» እያልኩ
በሾፌሮች መሀል ስኩራራ ኖሬአለሁ።

ሐሙስ ማታ ነበር። ስምንት መቶ ጫጩት፣
የአንድ ቀን ዕድሜ ያለው፣ የዲንቄ፣ የኮዬዋ፣
በቀዳዳ ካርቶን ከኋላ ደርድሬ፣ ሸራ አልብሼ፣
ጭረቴ አሥራ ስድስት፣ አራት ይቀረኛል፣ በልቤ አስልቼ፣
ገላንን አልፌ፣ ቱሉ ዲምቱ ሳልደርስ፣
መኪናዋ ሳለች። አንዴ። ሁለቴ።
እንደ ደከመው ሰው ዳሯን ይዛ ቆመች።
ፕላስተሩን ላጥኩት፦ መብራቷ በርታለች።
ጌጁን አየሁት፦
ግማሽ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሰው ነው።
«በቱቦ መጥጠውኝ!» አልኩ።
ክዳኑን ነካካሁ፤ ቁልፉ እንዳለ ነው።
ከዚያ እርሳሴን አየሁት። እርሳስ ምን ያድርግ?
የሰጡትን ነው የሚጽፍ።
ማክሰኞ፣ ሲመሽ፣ ለማንም ሳልናገር፣
ለገዳዲ ሄጄ ነበር።

ወደ በዳሳ ቤት። ወንድሜ ነው።
የአባታችን መሬት ለመንገድ ሲወሰድ፣
ካሳው መጥቶ ለሁለት ሲከፈል፣
በኔ ድርሻ ይቺን ፒካፕ ገዛሁ።
እሱ «የወሰድከው ግማሽ አይደለም» አለ።
እኔ «ግማሽ ነው» አልኩ።
ይኸው ስድስት ዓመት፣ ቃሌን አልለወጥኩ።

መብራቴን አጥፍቼ የቆርቆሮ በሩን ሳየው ቆየሁ።
ግቢው ውስጥ ሰው ሳቀ። ውሻ ሸተተኝ፣ ጮኸ።
ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ሳላንኳኳ ዞርኩ፤
ጭረትም አልጫርኩ፦
ያልደረስኩበትን መንገድ፣ ሄድኩ ብዬ ማን ይቆጥረዋል?
እኔ ዘለልኩት፤ ናፍጣው ግን ቆጥሮታል።

ብርዱ ከየረር በኩል ወረደ።
ካርቶኖቹን ጋቢና አስገብቼ፣ ጃኬቴን ደርቤባቸው፣
ስምንት መቶ ጩኸት መሀል ተቀመጥኩ።
ሙራድ የሚባል ባለባጃጅ፣ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣
በዘይት ጀሪካን አምስት ሊትር አመጣልኝ።
አየሯን ለማስወጣት ፓምፑን በእጅ ስንገፋ፣
አውራ ጣቴ እስኪላጥ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሆነ።
አንገቱን አስግጎ «ጌጅህ ግን ግማሽ ይላል» አለኝ።
ዝም አልኩ።

ዲንቄ በስልኳ መብራት ቆጠረች፦ አሥራ ዘጠኝ ሞተዋል።
ከሒሳቤ ቀነሰች።
አልተከራከርኳትም፤ መቁጠር ታውቃለች።

ቅዳሜ ወልደየስ ሰልባትዮውን አውርዶ
ተንሳፋፊዋን አሳየኝ። ክንዷ ታጥፎ ግድግዳው ነክሷታል።
«ናፍጣው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ እሷ እዚሁ ናት።
ውሸት እንኳ አይደለም፣ ተቀርቅራ ነው» አለ፤
በጉጠት አቀናት። የሁለት ደቂቃ ሥራ።

ካርቶኑን አወረድኩ። ማክሰኞ ከተዘለለበት
ሦስት ጭረት ጫርኩ፣ ለመሄጃው።
ሦስት፣ ለመመለሻው።
ሃያ ሁለት።
ማደያ ገብቼ «ሙላው» አልኩ ቀጂውን።
መርፌው ተንቀጠቀጠ፣ ግማሽን አለፈ፣
ስድስት ዓመት ያልረገጠውን መስመር ረገጠ።

አሁን ቱሉ ዲምቱ አደባባዩ ላይ ነኝ።
ፍሬቻ አላበራሁም።
ከኋላዬ አንድ ሲኖትራክ ጡሩምባውን ይነፋል።